ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ የአንገት ካይሮፕራክቲክ፦ 36 ቀጠሮ ልንፈርም ነው፣ ምን ትላላችሁ?

እናት_ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 5 ዓመቱ ነው፣ በ28 ሳምንት ነው የተወለደው። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፤ እጆቹም እግሮቹም ግትር ናቸው፣ ያለ ድጋፍ አይቀመጥም። አንገቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀና ያደርግና መልሶ ይደፋል። ለሚጥል በሽታው ኬፕራ ይወስዳል። ለሃጩ ብዙ ነው፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሌሊት ደጋግሞ እያለቀሰ ይነቃል።

አንድ የካይሮፕራክቲክ (አከርካሪን በእጅ ገፍቶ የማስተካከል ሙያ) ክሊኒክ የአንገት ራጅ አንስቶ፣ መስመር አስምሮበት አሳየን። «አትላስ የሚባለው የመጀመሪያው አጥንት ዞሯል፤ ሁለተኛው ደግሞ በሦስተኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራቷል። እንቅልፉንም ሆዱንም ለሃጩንም ያበላሸው እዚያ የተጫነው ነርቭ ነው» ነው የሚሉት። በሳምንት 3 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት፣ ክፍያው በቅድሚያ። ኢንሹራንስ አይሸፍነውም።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ራጁ ላይ ያሉት እውነት ነው? አንገቱን ቢያስተካክሉት ይጎዳል? ካልሆነስ ለአንገቱ ምን ይደረግለት?

---

ፊዚዮ_ለሕፃናት

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ አንድ ነገር ንገሪን፦ ሻንት (የጭንቅላት ውኃ የሚያስወጣ ቱቦ) አለው? እንዲህ ቀድመው ከተወለዱ ልጆች መካከል ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ፣ ኋላም ውኃ ቋጥሮ ቱቦ የሚገባላቸው ጥቂት አይደሉም። አዎ ከሆነ የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ቀጠሮውን ሰርዢ።

ወደ ራጁ ልምጣ። «ተንሸራቷል» ያሉሽ በዚህ ዕድሜ በብዛት የሚታይ ነገር ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ጅማቶቹ ይለጠጣሉ፣ የአንገት አጥንቶቹ የሚገናኙበት ገጽም እንደ አዋቂ ዘንበል ያለ ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ አንገቱ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ከተነሳ ሁለተኛው አጥንት በሦስተኛው ላይ ወደ ፊት የሄደ ይመስላል። ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ራጅ የሚያነብ ሐኪም ይህን ያውቀዋል፤ «ሐሰተኛ መንሸራተት» ይሉታል። እውነተኛውን የሚለዩት ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው አጥንት ባለው የኋላ ቅስት ላይ መስመር አስምረው ነው። የሁለተኛው ቅስት ከመስመሩ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ካልራቀ ችግር የለም።

አትላስ ዞሯል የሚለው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ራጅ ጥላ ነው። ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ የማይችል ልጅ ሲነሳ ፊቱ ጥቂት ዲግሪ ዞር ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል ሳይሆን ይቀራል። መስመሩ የሚያሳየው በዚያች ሰከንድ እንዴት እንደተቀመጠ ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ብታነሱት ሌላ መስመር ይወጣል።

የነርቩን ነገር ለማጣራት የሰውነት ካርታ ማየት ይበቃል። ለሃጭንና መዋጥን የሚያዙት ነርቮች፣ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ ጭምር፣ የሚወጡት ከራስ ቅል ሥር ነው፤ በአንገት አጥንቶች መካከል አያልፉም። ለሃጩ የሚፈሰው አንጎሉ የመዋጥን ቅደም ተከተል በወጉ ስለማያዝለት ነው።

የራጁን ቅጂ በሲዲ ጠይቂ። የሕክምና መዝገብ የማግኘት መብት አለሽ፤ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጡሽ ይገባል። የሕፃናት ራዲዮሎጂስት (ራጅ የሚያነብ ሐኪም) ያንብበው።

---

እናት_ሜሪላንድ

አመሰግናለሁ። አዎ፣ በቀኝ በኩል ሻንት አለው። በ2 ወሩ ገባለት፣ 3 ዓመት ሲሆነው ተቀየረ። ክሊኒኩ ግን አልጠየቀንም።

---

ነርስ_ኒውሮ

እንግዲያው መልሱ አጭር ነው፦ አንገቱን ማንም አያዙርበት።

ምክንያቱን ልዘርዝርልዎ። ቱቦው ከራስ ቅል ወጥቶ ከጆሮ ጀርባ ያልፋል፣ በአንገት ጎን ከቆዳ ሥር ይወርዳል፣ በክላቪክል (ከአንገት ሥር ባለው አግድም አጥንት) ላይ አልፎ ደረትን ተከትሎ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሲገባ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ካልሲየም ይይዘውና ይደርቃል፣ በዙሪያው ካለው ሥጋም ጋር ይጣበቃል። ልጁ ያድጋል፣ ቱቦው ግን ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ስለቆመ ይወጠራል። እንዲህ ያለ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከሁሉ በላይ የሚንቀሳቀሰው ቦታ ላይ፣ ማለትም አንገት ላይ ነው። በዚያ ላይ ድንገተኛ ማዞር ሲጨመር አስቡት።

ተንኮሉ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ የተሰበረ ቱቦ ወዲያው ምልክት ላያሳይ ይችላል። በዙሪያው የተሠራው የጠባሳ ዋሻ ለጊዜው ውኃውን ያሳልፋል። ችግሩ ከሳምንታት በኋላ ሲመጣ ማንም ከአንገት ማዞር ጋር አያገናኘውም። እናት ማየት ያለባት፦ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ ዓይኖቹ ወደ ታች መውረድ፣ የሚጥለው ቁጥር መጨመር፣ እንደ እርስዎ ልጅ ለማይናገር ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ የማያቋርጥ ለቅሶ። በቱቦው መስመር ላይ እብጠት ከዳሰሱ ሳያድር የድንገተኛ ክፍል። እዚያ የቱቦውን ሙሉ መስመር ራጅና የጭንቅላት ምስል እንዲያነሱ «ሻንት አለው» ብለው ከበሩ ይጀምሩ።

የሌሊት መንቃቱንም ለነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ሳይነግሩ አይቆዩ። ኬፕራውን በማንም ምክር አይቀንሱ፤ «አንገቱ ሲስተካከል መድኃኒቱ ይቀራል» የሚል ቃል ከሰሙ ያ ራሱ መውጫ በር ነው። የሚጥለው ከ5 ደቂቃ ካለፈ 911።

---

ሚዛን_ዲሲ

ሙያውን በአንድ ከረጢት ባንከተው ጥሩ ነው። ካይሮፕራክቲክ በ1895 በአዮዋ፣ ዴቨንፖርት ከተማ ዲ. ዲ. ፓልመር የጀመረው ነው። «አብዛኛው በሽታ ከአከርካሪ መዛነፍ ነው» የሚለው የሱ እምነት ነበር። ሁሉን ነገር ከላይኛው አንገት ጋር የሚያያይዘውን መንገድ ያስፋፋው ደግሞ ልጁ ቢ. ጄ. ፓልመር ነው፣ በ1930ዎቹ። ዛሬ ግን የወገብና የአንገት ሕመም ላይ ብቻ የሚሠሩ፣ ልጅ ሲመጣ ወደ ሐኪም የሚልኩ ካይሮፕራክተሮች አሉ። እናት ሜሪላንድ የገጠማት የድሮውን እምነት የያዘው ወገን ይመስላል።

ቃሉም ያምታታል። ሐኪም «ሰብላክሴሽን» ሲል በምስል የሚታይ፣ የሚለካ፣ አንዳንዴ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው የመገጣጠሚያ መውጣት ማለቱ ነው። ካይሮፕራክተሩ በዚሁ ቃል ሌላ፣ በራጅ የማይረጋገጥ ነገር ይጠራበታል። እውነተኛው ሰብላክሴሽን ቢኖርማ ኖሮ በእጅ መግፋት ፈጽሞ ክልክል ነበር! ይህን ጥያቄ አቅርቡላቸውና መልሳቸውን ስሙ።

አሠራሩም አንድ አይደለም። አንገትን እስከ ጫፉ አዙሮ በፈጣን ምት «ቋ» የሚያደርገው አለ። አክቲቬተር የሚባል፣ በስፕሪንግ የሚተኩስ ትንሽ መሣሪያ አለ። በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ የሚጫን ደግሞ አለ። የመጨረሻው አደጋው ያነሰ ነው።

ጥናቱን በተመለከተ፦ በ2007 ፔዲያትሪክስ መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ በልጆች አከርካሪ ላይ በእጅ ከተሠራ ሕክምና ጋር የተያያዙ 14 ቀጥተኛ ጉዳቶችን ሰብስቧል፤ 9ኙ ከባድ ነበሩ፣ የአንጎል ሽፋን ሥር ደም መፍሰስና የእግር ሽባነት ጭምር። ሌሎች 20 ልጆች ደግሞ ትክክለኛው በሽታቸው ዘግይቶ የታወቀ ወይም ፈጽሞ መሠራት በሌለበት ሁኔታ የተሠራላቸው ናቸው፤ ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ሳይቀር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን የሚመዘግበው ስለሌለ ከስንት ልጅ አንዱ እንደሆነ ከዚህ ማስላት አይቻልም። አውስትራሊያ ውስጥ የሙያው ቦርድ ራሱ በ2019 ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አከርካሪን በእጅ ማስተካከል እንዲቆም አዘዘ፣ በ2023 መልሶ ላላ፣ በ2024 የጤና ሚኒስትሮቹ ሲቆጡ ዳግም ከለከለ።

---

ፊዚዮ_ለሕፃናት

@ሚዛን_ዲሲ በአብዛኛው እስማማለሁ። «አደጋው ያነሰ» የምትለው ላይ ግን ቅር ይለኛል። ቀላል ንክኪ አጥንት አይሰብርም፣ እውነት ነው፤ ግን 36 ቀጠሮ የልጁን 12 ሳምንት ይበላል። በእጅ ከሚሠሩት ረጋ ያለውን፣ የራስ ቅል ኦስቲዮፓቲን (ጭንቅላትን በእጅ ቀስ ብሎ በመጫን የሚደረግ ሕክምና)፣ በእንግሊዝ 142 ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ላይ ሞክረውት ነበር፤ ውጤቱ በ2011 ወጣ። በእንቅስቃሴያቸው ላይ ያመጣው ለውጥ አልተገኘም። ሙያው ሌላ ነው፣ ግን «ለስላሳ ስለሆነ ይጠቅማል» የሚለውን ግምት ይመልሳል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ፣ ዋናው እሱ ነው። የአንገት ሥራ የሚጀምረው ከዳሌ ነው። መቀመጫው የተንሸራተተ ልጅ ጀርባው ይጎብጣል፣ ጀርባው የጎበጠ ልጅ ደግሞ አንገቱን ቢያቃናም አይቆይለትም። ወንበሩ ላይ እንዲህ አረጋግጪ፦ መቀመጫው እስከ ጀርባ ድረስ የገባ፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እያንዳንዳቸው ወደ 90 ዲግሪ የታጠፉ፣ እግሩ አየር ላይ ሳይሆን በመርገጫ ላይ። ቀበቶው የሚያልፈው በሆድ ሳይሆን በጭኑና በዳሌው መገናኛ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ተስቦ ነው። ሆዱ ላይ ካሰርሽው ሾልኮ ይወርዳል፣ ለሆድ ድርቀቱም አይበጅም። የጎን መደገፊያዎቹ ከብብቱ ጥቂት ጣት ዝቅ ይበሉ፤ ብብቱ ሥር ከገቡ ክንዱን ያደነዝዛሉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጭንቅላቱ አሁንም ወደ ፊት ከወደቀ ወንበሩን እንዳለ፣ የዳሌው ማዕዘን ሳይከፈት፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ኋላ አዘንብዪው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው የጀርባውን መደገፊያ ብቻ እንደ መኪና ወንበር በመለጠጥ ነው፤ ዳሌው ይከፈታል፣ ልጁ እንደ ቀስት ተወጥሮ ወደ ፊት ይንሸራተታል። የራስ መደገፊያው የሚይዘው ከማጅራት በላይ ያለውን የራስ ቅል ግርጌ ነው። መሐል ጭንቅላቱን ከኋላ የሚገፋ ከሆነ አንዳንድ ልጅ ይባስ ይወጠራል።

ጠረጴዛው በክርኑ ልክ ይሁን፣ የሚያየው ነገር በዓይኑ ትይዩ። ስልክ ጭኑ ላይ አስቀምጠሽ አንገቱን ቀና እንዲያደርግ መጠበቅ አይሆንም።

ማጠናከሪያው በደረቱ ማስተኛት ነው። ፎጣ ጠቅልለሽ ደረቱ ሥር፣ ክርኖቹ ከትከሻው ትንሽ ቀድመው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከበላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ። አንድ ረጅም ጊዜ ከማስለቀስ ብዙ አጭር ይሻላል። ሲደክመው ግንባሩን ያሳርፋል፤ ያኔ አንሺው። ከአልጋ ስታነሺው ደግሞ በሁለት እጁ ስበሽ አታስቀምጪው፤ ወደ ጎን አገላብጠሽ፣ በክርኑ አስደግፈሽ አስነሺ። ሲስቡት አንገቱ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል።

ለለሃጩ ግላይኮፒሮሌት የሚባል ፈሳሽ መድኃኒት አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የተፈቀደ። ግን ሆድ ያደርቃል! ስለዚህ መጀመሪያ ድርቀቱ ይታከም፣ ከዚያ ስለ ለሃጩ ተነጋገሩ።

---

አክስት_አዳማ

እኔ የምጠይቀው ከአገር ቤት ነው። የ2 ወር ሕፃን አንገቷ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ፊቷ ወደ ግራ ይዞራል፤ በቀኝ በኩል እንደ ሽምብራ ጠጠር ያለ ነገር ይዳሰሳል። ወጌሻ ዘንድ ወስደን ትታሽ ተብሏል።

---

ፊዚዮ_ለሕፃናት

እትዬ፣ ወጌሻው አይንካት። ወጌሻ ለወለምታ የሚያደርገው መሳብና መጠምዘዝ ለ2 ወር አንገት አይሆንም፤ በዚህ ዕድሜ የአንገት አጥንቶች ክፍሎች ገና በልምጭ አጥንት ነው የተያያዙት። ጠጠሩንም አትጭመቁት፤ ብዙ ጊዜ በአንገት ጎን ያለው ጡንቻ ውስጥ የተፈጠረ እብጠት ነው፣ በወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ግን ሐኪም አይቶ፣ ቢቻል በአልትራሳውንድ፣ ያረጋግጠው።

ያ ጡንቻ ከሆነ ሥራው የሚከተለው ነው። ሕፃኗ በጀርባዋ ትተኛ። አንድ እጅ የቀኝ ትከሻዋን ቀስ ብሎ ይዞ ያቆያል፣ ሌላው ጭንቅላቷን እንደ ጽዋ ይይዝና ግራ ጆሮዋን ወደ ግራ ትከሻዋ ያዘነብላል። እስከ 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አገጯን ወደ ቀኝ ትከሻ ማዞር፣ እንደዚሁ። ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ይደረግ። ከታገለች ይቆም፤ በጉልበት ማሸነፍ ጡንቻውን ይቀዳል። መልኳ ከተለወጠ ወይም አተነፋፈሷ ከተቀየረ ወዲያው ልቀቁ። የመጀመሪያውን ቀን ፊዚዮቴራፒስት እጃችሁን ይዞ ያሳያችሁ።

ጡትም አሻንጉሊትም ድምፅም ከቀኝ በኩል ይምጣላት። ስትነቃ በሆዷ፣ ስትተኛ ሁልጊዜ በጀርባዋ፣ ትራስ ሳይኖር። የዳሌዋ መገጣጠሚያም ይታይ፤ ሁለቱ ችግሮች አብረው የመምጣት ልማድ አላቸው። ጊዜው ወሳኝ ነው፦ በአሜሪካ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ መመሪያ መሠረት ከ1 ወር በፊት የተጀመረላቸው 98 በመቶው በአንድ ወር ተኩል ገደማ ይስተካከላሉ፣ ከ1 ወር በኋላ ወደ 6 ወር ይሄዳል፣ ከ6 ወር በኋላ የተጀመረ 9 ወይም 10 ወር ሊፈጅ ይችላል።

ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የዓይን መንሸዋረር፣ ወይም ደህና የነበረ አንገት ድንገት መጣመም ካለ ግን እሽትም መለጠጥም አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። ትኩሳት ያለው የደረቀ አንገት ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ቀስ በቀስ የመጣ፣ ከክብደት መቀነስ ጋር ከሆነ የአከርካሪ ቲቢም አለ። በ1992 የተመዘገበ አንድ የሕክምና ዘገባ አለ፦ አንገቱ የተጣመመ ሕፃን በካይሮፕራክተር ከተስተካከለ በኋላ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ፤ ለካ የአንገቱ መጣመም ከኅብለ ሰረሰር ዕጢ ነበር።

---

ነርስ_ኒውሮ

ሌሎች ወላጆችም ስለሚያነቡት ልጨምር። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን አጥንት የሚያስረው ጅማት ሊላላ ይችላል። በራጅ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ይታያል፣ ምልክት የሚያሳዩት ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ናቸው። ችግሩ ዛሬ ምልክት የሌለውን መለየት አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ ለማንኛቸውም አንገት አይጠመዘዝም። አካሄዱ የተቀየረ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቆመ፣ እጁን መጠቀም የቀነሰ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። አኮንድሮፕላዚያ (የአጥንት ዕድገት ችግር፣ ድንክነት)፣ ስፓይና ቢፊዳ (ሲወለዱ ያልተዘጋ አከርካሪ)፣ ኤለርስ ዳንሎስ (ጅማት የሚያላላ በሽታ)፣ ኦስቲዮጄነሲስ ኢምፐርፌክታ (በቀላሉ የሚሰበር አጥንት) እና የልጆች የመገጣጠሚያ ሪህም እንደዚሁ አንገት ከማይጠመዘዝባቸው ናቸው። ለሚጥል በሽታ በግራ አንገት የቬገስ ማነቃቂያ ሽቦ የገባለትም እንደ ሻንቱ ነው።

---

ሚዛን_ዲሲ

ስለ ገንዘቡ፦ ገና ካልፈረማችሁ አትፈርሙ። ከፍላችሁ ከሆነ መሰረዛችሁን ቀን ጽፋችሁ በኢሜይል ላኩ፣ በስልክ ብቻ አይበቃም። ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ካለው ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሐኪም አስፈላጊ ነው ያለውን ፊዚዮቴራፒና ወንበር መሸፈን አለበት፤ ከከለከሉ ይግባኝ አለ። 5 ዓመቱ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ በነፃ ለአይኢፒ (ለልዩ ድጋፍ የሚወጣ የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ) ይገመግመዋል፤ የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ የፊዚዮቴራፒ፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባር ሕክምና) እና የመዋጥ ግምገማ በስም ይጠቀሱ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አይከፈልበትም፤ ትልቁን ልጅሽን አታስተርጉሚው።

---

እናት_ሜሪላንድ

ሰርዘነዋል። ሰኞ ለነርቭ ቀዶ ሐኪሙ እደውላለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ዳይፐር ስቀይርለት ጭኑን ስከፍት ያለቅሳል፣ ሌሊትም ሳገላብጠው። የዳሌ ራጅ የተነሳው ከ2 ዓመት በፊት ነው።

---

ፊዚዮ_ለሕፃናት

ሻንቱ ከተመረመረ በኋላ ቀጥሎ የሚታየው ዳሌው ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ሲሶ የሚሆኑት ዳሌያቸው ከቦታው ይሸሻል፤ ራሳቸውን ችለው በማይቀመጡት ደግሞ ከዚህ በጣም ይበልጣል። እንደሱ ያለ ልጅ በ6 ወይም በ12 ወር አንዴ የዳሌ ራጅ መነሳት ነበረበት፤ ስለዚህ ከአንገቱ ይልቅ መነሳት የነበረበት ዳሌው ነው። በጀርባው ተኝቶ፣ ጭኖቹ እኩል፣ የጉልበቶቹ ሎሚ ወደ ላይ የዞረ፣ ሲነሳም የሚይዘው ሰው ይኑር። ውጤቱ ላይ «ደህና ነው» ብቻ እንዳይጻፍ፤ የማይግሬሽን ፐርሰንቴጅ (የጭኑ አጥንት ራስ ከዳሌው ጉድጓድ በመቶኛ ምን ያህል እንደወጣ) ቁጥሩ ለቀኝም ለግራም ይጻፍ በዪ። ከ30 በላይ ከሆነ ወደ ልጆች አጥንት ቀዶ ሐኪም እንዲልኩት ጠይቂ። እስከዚያ ዳይፐሩን ሁለቱን እግሮች በአንድ እጅ ወደ ላይ አንጠልጥለሽ አትቀይሪለት፤ ወደ ጎን አገላብጠሽ፣ በጭኖቹ መሐል ትንሽ ትራስ አድርጊለት።